ፕላስቲኳን ብፈታ ሞተሬ መታነቅ ጀመረች

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ቨርጂኒያ የምኖር፣ ሳምንቱን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቼ የምውል፣ ቅዳሜ እጄ ግሪስ ካልነካ የሚከፋኝ ሰው ነኝ። ይህን የምጽፈው ሰባት ሳምንትና ከ400 ዶላር በላይ የበላብኝ ችግር መጨረሻ ላይ በ6 ዶላር ዕቃ ስለተፈታ ነው። የስፖርት ሞተራችሁን ፕላስቲክ፣ ማለትም ፌሪንጉን፣ አውልቃችሁ ለመንዳት ካሰባችሁ፣ ወይም አውልቃችሁ አሁን ግራ ከገባችሁ፣ ጂግለር (ካርቡራተር ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ትንሽ ብረት) ከመቀየራችሁ በፊት አንብቡት።

በነገራችን ላይ «ሞተር» ስል ሞተር ሳይክሏን ነው። ቤንዚን የሚያቃጥለውን ክፍል «ኢንጂን» እለዋለሁ፤ አለዚያ እንምታታለን።

ሞተሬ የ1996 ሆንዳ ሲቢአር 600 ኤፍ3 ናት። 599 ሲሲ፣ በአንድ መስመር የተደረደሩ አራት ሲሊንደሮች፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉ አራት ካርቡራተሮች። ይህ ሞዴል በፈረንጆቹ ከ1995 እስከ 1998 የተሠራ ነው። አርጅታለች፣ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ጊዜ መንገድ ላይ አላቆመችኝም።

ነገሩ የተጀመረው ጁላይ ላይ ነው። ከሱቅ ስወጣ ሞተሬን በግራ ጎኗ ተኝታ አገኘኋት። ማንም አልገጫትም። አስፋልቱ በሙቀት ለስልሶ የጎን መቆሚያዋ ቀስ እያለ ሰምጦ ነው። (ከዚያ ወዲህ የተጨፈለቀ ጣሳ ይዤ እዞራለሁ፣ ከመቆሚያዋ ሥር ላነጥፍላት።) የግራው ፕላስቲክ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ የፊቱም ማሰሪያዎች ተሰባበሩ። ያገለገለ ሙሉ ፕላስቲክ ስጠይቅ የተነገረኝ ዋጋ የሞተሯን ግማሽ ዋጋ ይጠጋል። ተውኩት። ሁሉንም ፈታሁና ክብ የፊት መብራት ገጠምኩላት። አየር ወደ ኢንጂኑ የሚያመጡት ሁለቱ የፕላስቲክ ቦዮችም ከፊቱ ሽፋን ጋር አብረው ወጡ። እውነቱን ለመናገር ቆንጆ ሆነች፤ ጎረቤቴ ሳይቀር ፎቶ አነሳት።

ከተማ ውስጥ ምንም አልነበረባትም። ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳይሰጣት ቆማ ስትሠራ) የተስተካከለ፣ ስትነሳም ፈጣን። ችግሩ የመጣው ኢንተርስቴት 66 የሚባለው ፈጣን መንገድ ላይ ወጥቼ 60 ማይል፣ ማለትም ወደ 97 ኪሎ ሜትር ስደርስ ነው። ኢንጂኑ ቤንዚን ሊያልቅበት እንደሆነ ሁሉ ይተናነቅ ጀመር። ነዳጅ ስጨምርለት ይብስበታል። ትንሽ ስቀንስለት ይመለሳል፣ ከዚያ እንደገና። 70 ማይል ላይማ ጭራሽ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያስነጥሰዋል፣ ከኋላዬ ደግሞ ባለ አሥራ ስምንት ጎማው ጭነት መኪና እየመጣ ነው። ላብ አጠመቀኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው። ቤንዚኑን ቀየርኩ። የነዳጅ ማጣሪያውን ቀየርኩ። የታንኩ ክዳን አየር ከልክሎ ይሆናል ብዬ፣ ችግሩ ሲጀምር ዳር ይዤ ክዳኑን ከፍቼ ዘጋሁት፤ ለውጥ የለም። ይህኛው ሙከራ እንኳ ሞኝነት አልነበረም። ክዳኑ ላይ ያለችው መተንፈሻ ከተደፈነች ወደ ታንኩ አየር ስለማይገባ ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል፣ ምልክቱም ይመሳሰላል። ልዩነቱ፣ የክዳን ችግር የሚመጣው ጥቂት ከተነዳ በኋላ ቀስ በቀስ ነው። የእኔው ግን በሰከንድ ይመጣና በሰከንድ ይሄዳል። ያኔ ልብ ብለው ኖሮ ብዙ በዳንኩ ነበር።

ካንዴላዎቹን፣ ማለትም ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን፣ ሳወጣ የአራቱም ጫፍ ነጭ ነው። ነጭ ማለት ነዳጅ አንሶታል ማለት ነው። ምልክቱን በትክክል አነበብኩ፣ መድኃኒቱን ግን ሳትኩ። ካርቡራተሩ ቆሽሿል ብዬ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፤ 280 ዶላር ከፈልኩ፣ ታጥቦ ተመለሰ፣ ምንም ለውጥ የለም። «ድሮም ንጹሕ ነበር» አሉኝ። አመሰግናለሁ! ከዚያ አራት ትልልቅ ጂግለር ገዝቼ ራሴ ገጠምኩ። መታነቁ ከ60 ወደ 65 ማይል ተሻገረልኝና ደስ አለኝ፤ በሌላ በኩል ግን ከተማ ውስጥ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች፣ ጠዋት ስትነሳ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ፍጆታዋም አሻቀበ።

እዚህ አካባቢ ጋሼ የምንላቸው አንድ ሰው አሉ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አጠገብ ቬስፓና ሞተር ይጠግኑ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥተው የሠፈሩን ሰው ሣር ማጨጃ በነጻ ይፈታሉ። አፍሬ እንጂ ቀድሜ እሳቸው ጋ ነበር መሄድ የነበረብኝ። ሞተሯን ሳያስነሱ አንድ ጊዜ ዞሩዋትና፣

«ይቺን ልብሷን ማን አወለቀባት?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ ጋሼ፣ ተሰብሮ ነው።»

«ከመውለቁ በፊት እንዲህ ታደርግ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ታዲያ ካርቡራተሩን ምን አድርግ ብለህ ነው የምታስፈታው? አንተ የፈታኸው ፕላስቲክ!»

ዝም አልኩ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ይቺን ጥያቄ ራሴን አልጠየቅኩም። ቀጥለው «የምትከተለው ዙሩን ነው ወይስ ንፋሱን? ሂድና ለይተህ ና» አሉኝ። ቡናውን እንኳ አልጨረስኩም ነበር።

እንዲህ ለየሁት። በ6ኛ ማርሽ 65 ማይል ላይ ዙሩ፣ ማለትም ኢንጂኑ በደቂቃ የሚሽከረከርበት ብዛት፣ ወደ 5 ሺህ ነው፣ እዚያ ትታነቃለች። ያንኑ 5 ሺህ ዙር በ3ኛ ማርሽ፣ በዝግታ፣ የሠፈር መንገድ ላይ ያዝኩት። እንደ ስፌት መኪና ትሄዳለች። ግን ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ፈጣን መንገድ ላይ ኢንጂኑ የሚሸከመው ጭነትም ይበዛልና ጥፋተኛው ጭነቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ረጅም ዳገት ፈልጌ፣ በ6ኛ ማርሽ በ45 ማይል፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ወጣሁ። ጭነት አለ፣ ንፋስ ግን የለም። እያጉረመረመች ወጣች እንጂ አልታነቀችም። ሦስተኛው ማስረጃ ደግሞ ድሮም ዓይኔ ሥር ነበር። 66 ላይ ለቤቶቹ ድምፅ እንዳይደርስ የተሠራ ረጅም ግንብ አለ፤ ግንቡ የጎን ንፋሱን ሲከልላት ይሻላታል፣ ግንቡ ሲያልቅ ይብስባታል። እኔ ይህን አይቼ «ዛሬ ደግሞ አመሏ ተነስቷል» እያልኩ አልፌዋለሁ።

አሁን ለምን እንደሆነ። ካርቡራተር ቤንዚን የሚገፋ ፓምፕ የለውም። ከሥሩ ቤንዚን የሚጠራቀምበት ትንሽ ቋት አለ፣ ውስጡም የቤንዚኑን ከፍታ የሚጠብቅ ተንሳፋፊ። ቤንዚኑ ከቋቱ ወደ ላይ የሚወጣው ቋቱ ላይ ያለው የአየር ግፊት በካርቡራተሩ ጉሮሮ ካለው ስለሚበልጥ ብቻ ነው፤ ልዩነቱም ኢምንት ነው። ቋቱ ይህን ግፊት የሚያገኘው ወደ ውጭ በወጣ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ነው። የቱቦው ጫፍ የት እንደተቀመጠ ማንም አያየውም። ቋቱ ግን የሚያምነው ያንን ጫፍ ብቻ ነው።

ኤፍ3 ላይ ነገሩ ትንሽ ይረቃል። የፊት ቦዮቹ በፍጥነት ስትሄድ የአየር ሳጥኑን፣ ማለትም ኢንጂኑ የሚስበው አየር የሚጠራቀምበትን ሳጥን፣ በንፋስ ይሞሉታል። ሳጥኑ ውስጥ ግፊት ጨምሮ ቋቱ ላይ ካልጨመረ ነዳጅ ያንሳል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ የቋቱን መተንፈሻ በአንድ ትንሽ ሶሌኖይድ ቫልቭ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ መክፈቻና መዝጊያ) በኩል አሳልፈው ሁለቱ ግፊቶች አብረው እንዲሄዱ አድርገዋል። እኔ ምን አደረግኩ? ቦዮቹን ጣልኩ፣ «ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች» ብዬ መተንፈሻ ቱቦዎቹን ነቀልኩና ከኢንጂኑ ግራ ጎን ንፋስ ላይ አንጠለጠልኳቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የሞተሯ አይደለም።

በመኪና ስትሄዱ መስኮቱን ትንሽ ስትከፍቱት ወንበር ላይ ያለ ወረቀት ወደ ውጭ እንደሚሳበው፣ የተንጠለጠለ ቱቦ ጫፍ አጠገብ በጎን የሚያልፍ ንፋስ አየሩን ከቋቱ ይመጠዋል። የቋቱ ግፊት ይወርዳል፣ ቤንዚኑ መውጣት ይከብደዋል፣ ኢንጂኑ ይራባል። ጫፉ ፊት ለፊት ወደ ንፋሱ ቢዞር ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ነዳጅ ይበዛበታል። በ65 ማይል ፍጥነት ፊት ለፊት የሚገጥም ንፋስ የሚፈጥረው ግፊት ወደ 500 ፓስካል ነው፣ ውኃን 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ያህል። ከከባቢ አየር ግፊት ግማሽ በመቶ ገደማ ቢሆን ነው፣ ለካርቡራተር ግን ብዙ ነው። ደግሞ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ይህ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። 30 ማይል ላይ ጸጥ ያለችው 60 ላይ የምትታነቀው ለዚህ ነው።

እኔ ግን በቀላሉ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ልለካው አልኩ። ግልጽ ቀጭን ቱቦ ወደ ላይ አጥፌ፣ ቀይ የምግብ ቀለም ያለበት ውኃ ጨምሬ ታንኩ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። አንዱን ጫፍ ከመተንፈሻ ቱቦው ጫፍ ጎን አሰርኩ፣ ሌላውን አየር ሳጥኑ ውስጥ አስገባሁ። ከፊቱ ስልኬን ቪዲዮ ላይ አድርጌ ገጠምኩ። እየነዳችሁ ውኃውን እንዳታዩ፣ እባካችሁ፣ ቤት ገብታችሁ እዩት። እኔ ሳየው 65 ማይል ላይ በመተንፈሻው በኩል ያለው ውኃ በ25 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል፣ ያውም እየዘለለ። ቤንዚን ከውኃ ስለሚቀል ይህ ማለት ወደ 34 ሚሊ ሜትር የቤንዚን ከፍታ ነው። መካኒኮች ተንሳፋፊ ሲያስተካክሉ በአንድ ሚሊ ሜትር ይጨቃጨቃሉ፤ እኔ በንፋስ ብቻ 34 አውርጄዋለሁ።

የመጀመሪያው መፍትሔዬ የጅል ነበር። ንፋስ ከሆነ ልድፈነው ብዬ የቱቦዎቹን ጫፍ በብሎን ዘጋሁ። ከቤቴ ሁለት ማይል ሳልርቅ ድርግም አለች። ቋቱ አየር ካላገኘ ቤንዚን እንደልቡ አይገባበትም፣ አይወጣበትምም። መንገድ ዳር ቆሜ ስደውልላቸው ጋሼ «ሰው አፍንጫውን ይደፍናል እንዴ?» ብለው ስቀው ዘጉብኝ። አትድፈኑት፣ በምንም ምክንያት።

የሠራው ይኸው ነው። ሁለቱን ቱቦዎች በቲ ቅርጽ ማገናኛ አጋጥሜ፣ አዲስ የቤንዚን ቱቦ ቀጥዬ ወደ ላይ ወሰድኳቸው፤ ከታንኩ ሥር፣ ከአየር ሳጥኑ አፍ አጠገብ፣ ንፋስ በቀጥታ የማያገኘው ጥግ። ጫፉ ላይ አቧራ የሚይዝ ያህል ስስ ስፖንጅ አደረግኩ። ቱቦው የትም ቦታ እንዳይታጠፍና ትኩስ ነገር እንዳይነካ ሁለት ጊዜ አየሁት። ሶሌኖይዱን ከመስመሩ አወጣሁት፣ ቦዮቹ ከሌሉ ሥራ የለውም። የአየር ሳጥኑ ሁለት አፎችም ፊት ለፊት ወደ ንፋሱ ተከፍተው ቀርተው ስለነበር ከተሰበረው ፕላስቲክ ቆርጬ ትንንሽ ጋሻ ሠራሁላቸው፤ ለንፋሱም ለዝናቡም። ጠቅላላ ወጪ 6 ዶላርና አንድ ከሰዓት በኋላ።

66 ላይ ወጣሁ። 60፣ 65፣ 70። ምንም። የቀዩ ውኃ ልዩነት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ወርዷል። እኔም ሄልሜቴ ውስጥ ብቻዬን ጮኽኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ካንዴላዎቹ ጥቁር ሆነው ተገኙ፣ ምክንያቱም እነዚያ ትልልቅ ጂግለሮች አሁንም እዚያው ናቸው። እንደገና ፈትቼ የድሮዎቹን መለስኩ። ጋሼ ስለዚህኛው አንድም ቃል አልተናገሩኝም፣ ሳይሻል አይቀርም።

ኃይሏ ቀንሷል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ቦዮቹ የሚሰጡት ግፊት 100 ማይል ላይ እንኳ ከከባቢ አየር ከ1 በመቶ ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ በሕጋዊ ፍጥነት የሚሰማ ነገር የለም። የሚሰማው ደረታችሁ ላይ የሚያርፈው ንፋስ ነው። 75 ማይል ላይ አንድ ሰዓት ከተነዳ አንገት ያልቃል፣ ኢንጂኑም ያንን ንፋስ ለመግፋት ከበፊቱ የበለጠ ይሠራል። ከፍተኛው ፍጥነት ይቀንሳል፣ ይህ ብልሽት አይደለም። ሙቀትን በተመለከተ ብዙ ፈርቼ ነበር፣ ምክንያቱም ፕላስቲኩ አየሩን ወደ ራዲያተሩ የሚመራ ነው። እኔ ላይ ግን ለውጡ ትንሽ ነበር፤ ትራፊክ ውስጥ እንዲያውም እግሬን የሚጠብሰው ሙቀት ቀነሰልኝ። እናንተ ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጌጁን እያያችሁ ንዱ።

ዝናብ ግን ሌላ ነው። ሴፕቴምበር ላይ አንድ ቀን ዶፍ ያዘኝና ኢንጂኑ በሦስት ሲሊንደር ይሄድ ጀመር። እንደገና ካርቡራተር ላይ ዘልዬ ነበር፤ ደግነቱ ትምህርት ወስጃለሁ። የፊት ጎማው የሚረጨውን ውኃ ድሮ ፕላስቲኩ ይይዘው ነበር፣ አሁን በቀጥታ ካንዴላዎቹ የተቀመጡበት ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ለጉድጓዶቹ ውኃ የሚያስወጣ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ የእኔ አንዱ በጭቃና በዝገት ተደፍኖ ኖሯል። በቀጭን ሽቦ ከፈትኩት፣ የካንዴላ ቆቦቹን አድርቄ መልሼ ገጠምኩ፣ ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚልከውን የቦቢናውን ሽቦዎችም አየሁ። የፊት መከላከያው ላይም አንዲት የላስቲክ ቁራጭ ጨመርኩበት። ፕላስቲክ ስትፈቱ ከውስጥ ተደብቀው የነበሩ የኤሌክትሪክ ማገናኛዎችን ሁሉ አንድ በአንድ ዞራችሁ እዩ፣ ዝናብ አይተው የማያውቁ ናቸው።

«የእኔ እኮ ኢንጀክሽን ነው፣ ቤንዚኑን በግፊት የሚረጭ፣ ካርቡራተርም ቋትም የለውም» የምትሉም አትዝናኑ። አንድ ጓደኛዬ ባለ ኢንጀክሽን 600 ሞተሩን እንደኔው አራቆታት። በየጉድጓዱ ድንገት ትጠፋበታለች። የነዳጅ ፓምፕ ሊቀይር ዕቃ አዝዞ ነበር። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሞተሮች ሲወድቁ ኢንጂኑን የሚያጠፋ የመዘንበል ሴንሰር አላቸው። የእሱ ሴንሰር የተቀመጠው የፊቱን ፕላስቲክ የሚይዘው ብረት ላይ ነበር፤ ብረቱን ሲጥለው ሴንሰሩን በፕላስቲክ ማሰሪያ ሽቦ ላይ አንጠልጥሎታል። ሞተሯ በጎበጠ መንገድ በሄደች ቁጥር ሴንሰሩ ይወዛወዝና «ወድቀናል» ይላል። በትክክለኛው አቅጣጫ፣ ቀጥ አድርገን፣ በላስቲክ ላይ በብሎን አሰርነው። የታዘዘው ፓምፕ ተመለሰ።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ይህን ሲሰማ እዚያ ጓደኛው ፕላስቲክ የሌለው አሮጌ ሞተር እየነዳ ምንም እንዳላጋጠመው ነገረኝ። ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩም ስስ ነው። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር እዚያ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ንፋሱ ትንሽ ቢቀንስለት እንዲያውም ውለታ ሊሆን ይችላል። ደግሞ እዚያ መንገድ ላይ 65 ማይል ማን ይነዳል?

አሁን ኖቬምበር ነው። ፕላስቲክ አልገዛሁም፣ የምገዛም አይመስለኝም። ኃይለኛ ንፋስ በግራ በኩል ሲመታት 75 ማይል ላይ አንዳንዴ አንድ ጊዜ ትንሽ ትሰናከላለች፤ የግራውን ጋሻ ሁለት ሳንቲ ሜትር ላስረዝመው አስቤያለሁ። አራቱ ትልልቅ ጂግለሮች ጠረጴዛዬ ላይ፣ ስንጥቅ ባለው የቡና ስኒ ውስጥ ተቀምጠዋል። የሚፈልግ ካለ ይውሰዳቸው።